መራመድ ያልቻለው ሯጭ፦ የአንድ መርከበኛ ጉዳይ

የታማሚው ስም አልተመዘገበም። ዕድሜው 65 ግድም የሆነ፣ ቁመናው እንደ ስፖርተኛ የጠነከረ፣ ቀድሞ መርከበኛ የነበረና በኋላ በለንደን ጎዳናዎች እየለመነ የሚኖር ሰው ነው። ያየው ሐኪም በቀጠሮ አልተቀበለውም። መንገድ ላይ በአጋጣሚ አገኘው፣ አነጋገረው፣ ከዚያም ስለ እርሱ ጥቂት መስመሮች ጻፈ። ሐኪሙ ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ውስጥ የታተመው፣ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ስለሚባል፣ ዛሬ የፓርኪንሰን በሽታ ብለን ስለምናውቀው ሕመም የሚናገረው 66 ገጽ ድርሰት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በድርሰቱ ውስጥ ስድስት ሰዎች ተገልጸዋል፤ መርከበኛው ሦስተኛው ነው።

የተመዘገበው ይህ ነው። እጅና እግሩ፣ ጭንቅላቱና መላ ሰውነቱ እጅግ በኃይል ይናወጥ ስለነበር ሐኪሙ ነገሩን መንቀጥቀጥ ብሎ ማለፍ አልሆነለትም። ወገቡ ጎብጧል፤ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ተወርውሯል። ጨርሶ መራመድ ስለማይችል ሳያቋርጥ ይሮጣል። በየአምስት ወይም በየስድስት እርምጃው የምርኩዙን ጫፍ የመንገዱ ንጣፍ ላይ በኃይል እየወጋ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ከዚያ እንደገና ሩጫው ይቀጥላል። ስለ ሕመሙ መነሻ ሲናገር ለወራት በስፔን እስር ቤት ታስሮ እንደነበርና ያን ጊዜ ሁሉ በባዶ እርጥብ መሬት ላይ እንደተኛ ገለጸ። ሐኪሙ ሕመሙ ከመቆየቱና ከመባባሱ የተነሳ ብዙ ተስፋ አላየበትም። ሰውየው ድሃ በመሆኑ መድኃኒቱንም እንክብካቤውንም ሊያገኝ የሚችለው ሆስፒታል ገብቶ ብቻ እንደሆነ አስቦ እንዲሞክር መከረው። ሰውየው ግን የመሞከር ፍላጎት አላሳየም።

መራመድ አይችልም፣ ስለዚህ ይሮጣል። መጀመሪያ ያነበበው ሰው የጽሕፈት ስህተት ሊመስለው ይችላል። መራመድ ያቃተው ሰው ይቀመጣል፣ ይድሃል፣ ወይም ይተኛል፤ ሩጫ ደግሞ ጉልበት የተረፈው ሰው ነገር ነው ብለን ስለምናስብ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አይገጥሙልንም። ፓርኪንሰንን ከብዙ ባልደረቦቹ የሚለየው ይህን ግጭት ለማለዘብ አለመሞከሩ ይመስለኛል። ያየውን እንዳየው ጻፈው። ዛሬ የነርቭ ሐኪሞች ያንን አንቀጽ ሲያነቡ ሰውየው ለምን እንደሮጠ፣ ምርኩዙም ምን ይሠራለት እንደነበር ማስረዳት ይችላሉ።

ሐኪሙና መንገዱ

ፓርኪንሰን በ1755 ከለንደን ከተማ ወሰን ወጣ ብሎ በሚገኘው ሆክስተን ተወለደ፤ አባቱም እንደ እርሱ መድኃኒት ቀማሚና ቀዶ ሐኪም ነበር። አብዛኛውን ዕድሜውን እዚያው ሰፈር በማከም አሳለፈ፤ የደብሩን ድሆችም ያክም ነበር። በ1824 ሞተ። በመካከሉ የሠራቸው ሌሎች ነገሮች የአንድ ሰው አይመስሉም። የመንግሥትን ሥርዓት የሚተቹ በራሪ ጽሑፎች ጽፏል፤ በ1794 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን ለመግደል ተጠንስሷል በተባለ ሴራ ጉዳይ በንጉሡ አማካሪዎች ፊት ቀርቦ ተጠይቋል፤ ቅሪተ አካል ሰብስቦ ስለ እነርሱ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሟል፤ በ1807 የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ድንጋይ ላይ የቀረን ቅርጽ ለዓመታት ያጠና ዓይን የሰውን አረማመድ ሲያይ ከሌላው የበለጠ ቢያስተውል አይደንቅም።

ከስድስቱ ሰዎች ሁለቱን ያገኘው መንገድ ላይ ነው። አንዱን ደግሞ ያየው ከሩቅ ብቻ ነው፤ ታሪኩን እንኳ ማግኘት አልቻለም። በዚህ የተነሳ ብዙ ነገር አምልጦታል። የታማሚን ክንድ ይዞ ቢያጥፍና ቢዘረጋ ኖሮ የጡንቻውን ግትርነት ያገኘው ነበር፤ ይህ ምልክት የበሽታው ዋና መለያ ሆኖ የተጨመረው በፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ዘመን ነው። ለበሽታው የፓርኪንሰንን ስም የሰጠውም ሻርኮ ነው። ድርሰቱ የታማሚው አእምሮና የስሜት ሕዋሳት አይነኩም ማለቱም ስህተት ነበር፤ ዛሬ ድብርት፣ የማሽተት ችሎታ ማጣትና በኋላ የሚመጣ የማስታወስ ችግር የበሽታው አካል መሆናቸው ይታወቃል።

መንገዱ ግን አንድ ነገር ሰጥቶታል። እንዲህ ዓይነቱ ያልታሰበ ሩጫ በሐኪም ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደበቃል። ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ብቻ ያስኬዳል፤ ታማሚው ደግሞ ሐኪም እያየው መሆኑን ስለሚያውቅ ሐሳቡን እግሩ ላይ ይጥላል፣ እርምጃውም ለጊዜው ይስተካከላል። ቤት ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወድቅ ሰው ሐኪም ፊት ደህና ሲሄድ ቤተሰቡ የሚያፍረው ለዚህ ነው። ልምድ ያለው የነርቭ ሐኪም ታማሚውን ወደ ረጅም ኮሪደር ያወጣዋል፣ ያዞረዋል፣ በጠባብ በር ያሳልፈዋል፣ እየሄደ ያናግረዋል። ፓርኪንሰን ለዚህ ሁሉ ጎዳናው በቂው ነበር።

ሩጫውን ያስተዋለ የመጀመሪያው ሰው እርሱ አልነበረም። የሞንፔሊዬው ፈረንሳዊ ሐኪም ሶቫዥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መራመድ ሲፈልጉ ለመሮጥ የሚገደዱ ሰዎችን ገልጿል። ነገር ግን የቆጠረው ለብቻው እንደቆመ ሕመም ነው። የፓርኪንሰን ሥራ እጁ የሚንቀጠቀጠውን፣ የጎበጠውንና የሚሮጠውን ሰው በአንድ ሕመም የተለያዩ ደረጃዎች ላይ ያሉ ሰዎች አድርጎ ማየቱ ነው። ከዚያም ከእርምጃ ወደ ሩጫ የማለፍን ዝንባሌ በበሽታው ፍቺ ውስጥ አስገባው። ዛሬ ብዙ ሰው ፓርኪንሰን ሲባል የሚታየው የሚንቀጠቀጥ እጅ ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ ከ200 ዓመት በፊት የተጻፈው ፍቺ ከሕዝቡ ግንዛቤ የሰፋ ነበር ማለት ይቻላል።

ሩጫው ከየት መጣ

ጤነኛ ሰው ሲራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ወደ ፊት ይወድቃል፤ የሚቀድመው እግር ደግሞ ውድቀቱን ይቀበላል። ሚዛን የሚጠበቀው ያ እግር በቂ ርቀት ሄዶ ሲያርፍ ነው። ቀጥ ብለን ስንቆም የክብደታችን ማዕከል ዳሌ አካባቢ ሆኖ በሁለቱ መርገጫዎቻችን መካከል ያርፋል። ጀርባ ሲጎብጥ፣ አንገት ወደ ፊት ሲወጣና ጉልበት ሲታጠፍ ይህ ማዕከል ወደ እግር ጣቶች ይገፋል። ሰውየው መንቀሳቀስ ሳይጀምር ገና ግማሽ ወድቋል ማለት ነው። ሐኪሙ እንዳስተዋለው በዚህ ደረጃ ያለ ታማሚ ተረከዙን ትቶ በእግሩ ፊተኛ ክፍልና በጣቶቹ ይረግጣል።

ጤነኛ ሰው ወደ ፊት ሲገፋ አንድ ረጅም እርምጃ ወርውሮ ይድናል። መርከበኛው ያ እርምጃ አልነበረውም፤ እግሩ መድረስ ያለበት ቦታ አይደርስም። የጎደለው ርቀት ግን የትም አይጠፋም። እንደ አራጣ ዕዳ ነው፤ በአንዱ እርምጃ ያልተከፈለው በሚቀጥለው ላይ ተደምሮ ይመጣል፣ የሚቀጥለውም አጭር ስለሚሆን ዕዳው ያድጋል፣ መክፈያው ጊዜም እያጠረ ይሄዳል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ አንድ እርምጃው 65 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በደቂቃ 110 ጊዜ ቢራመድ በደቂቃ 70 ሜትር ያህል ይሄዳል። ወደ ፊት ያዘነበለው ሰውነቱ በዚሁ ፍጥነት እየገፋ እርምጃው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ላለመውደቅ በደቂቃ ወደ 240 ጊዜ መርገጥ አለበት። ይህ የሯጭ እግር ፍጥነት ነው። እግሩ እየፈጠነ ሲሄድ ደግሞ እርምጃው ይበልጥ ያጥራል፤ መጨረሻ ላይ ግድግዳ፣ ሰው፣ ወይም መሬት ያስቆመዋል። ሐኪሞች ታማሚው የክብደቱን ማዕከል እያሳደደ ይሮጣል የሚሉት ለዚህ ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ግን ምን እንደዚህ አስቸኮለው ይላል።

የእግሩ ጡንቻ ደካማ ነበር ብሎ መገመት አያስኬድም፤ ሐኪሙ ራሱ የሰውነቱን ጥንካሬ መዝግቧል። ችግሩ ከፍ ብሎ አንጎል ውስጥ ነው። መራመድን የመሰሉ በልማድ የምንሠራቸው እንቅስቃሴዎች ምን ያህል ትልቅ ይሁኑ የሚለውን በመወሰን ረገድ አንጎል ውስጥ በጥልቀት የተቀመጡ የነርቭ ስብስቦች ትልቅ ድርሻ አላቸው። እነዚህ ስብስቦች በሚገባ የሚሠሩት ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ሲደርሳቸው ነው። ዶፓሚን አመንጪዎቹ ሕዋሳት በፓርኪንሰን በሽታ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ምልክቱ ጎልቶ በሚወጣበት ጊዜ ከእነርሱ ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ያኔ ትእዛዙ ወደ እግር ይሄዳል፣ መጠኑ ግን አንሶ ይሄዳል።

ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ከቀደመው ያንሳል። የታማሚውን የእጅ ጽሑፍ ማየት ይበቃል፤ መስመሩ ሲጀመር ፊደሉ ደህና ነው፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ለማንበብ እስኪያስቸግር ያንሳል። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ እየቀጠለ ሲሄድ ድምፁ ይሰወራል፣ አንዳንዱም ቃላቱን እየደራረበ ይፈጥናል። እግር፣ እጅና ምላስ አንድ ዓይነት ጥፋት ያሳያሉ።

በ1990ዎቹ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ነገሩን በማያሻማ መንገድ አሳዩ። ታማሚዎቹ በራሳቸው ሲሄዱ እርምጃቸው አጭር ነበር። ወለሉ ላይ አግድም መስመሮች ተሠርተው በእነርሱ ላይ እንዲረግጡ ሲደረግ፣ ወይም ረጅም እርምጃ እያሰቡ እንዲሄዱ ሲነገራቸው የእርምጃቸው ርዝመት ወደ ጤነኛ ሰው ተጠጋ። ረጅም እርምጃ የመራመድ ችሎታው አልጠፋም ማለት ነው፤ የጠፋው ሳያስቡ የሚገኘው ነው። ይህንን ካወቅን በኋላ ወደ መርከበኛው ምርኩዝ መመለስ ያስፈልጋል።

ምርኩዙ

ምርኩዝ ሲባል የምናስበው የሰውን ክብደት የሚሸከም ነገር ነው። መርከበኛው የተጠቀመበት ለዚያ አልነበረም። ጫፉን ወደ ፊት አውጥቶ ድንጋዩን በኃይል ሲወጋው ድንጋዩ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ኋላና ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ግፊት በክንዱ በኩል አልፎ ደረቱን ቀና ያደርግና ከጣቶቹ ያለፈውን ክብደቱን ወደ መርገጫው ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ዕዳው ሁሉ ይሰረዛል። ከዚያ አምስት ወይም ስድስት እርምጃ ያህል ይቆይለታል፤ ጉብጠቱ ተመልሶ ሲያሸንፈው እንደገና ይወጋል። ንጣፉ ጠንካራ መሆኑም ረድቶታል፤ ጭቃ ቢሆን ምርኩዙ ይሰምጥና ሰውየው በላዩ ይወድቅ ነበር።

ይህንን ማንም አላስተማረውም። በመርከብ ላይ የሚንቀሳቀስ ወለል የለመደ ሰው ሚዛንን በእጁ መጠበቅ ያውቅ ይሆናል ብሎ ማሰብ ያጓጓል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ብቻ ነው። በእርግጥ የሚታየው፣ ሰውየው ሩጫውን ማቆም እንደማይችል ገብቶት በየተወሰነ ርቀቱ የሚያቋርጥበት ዘዴ ማበጀቱ ነው።

በዚያው ድርሰት አምስተኛ ሆኖ የተገለጸው ሰው፣ ከሩቅ ብቻ የታየው ማለት ነው፣ የተሻለ ኑሮ የነበረው ይመስላል፤ አገልጋይ ነበረው። ያለ ሩጫ መንቀሳቀስ የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ለመነሳት ሲያስብ አገልጋዩ ከፊቱ ቆሞ ሁለት እጆቹን በትከሻዎቹ ላይ ያሳርፋል። ታማሚው ወደ ኋላና ወደ ፊት ቀስ እያለ ይወዛወዝና ሚዛኑን ሲያገኝ ቃል ይሰጣል። በዚያች ቅጽበት አገልጋዩ ከፊቱ ዞር ብሎ ቀድሞት ይሮጣል፤ ጌታው ሃያ እርምጃ ያህል ከሮጠ በኋላ ሊወድቅ ሲል ይቀበለዋል። በቦታው የነበረ አላፊ አግዳሚ ሳቀ ወይስ ደነገጠ አልተጻፈም። የሁለቱ ሰዎች ልምምድ ግን የሚደነቅ ነው። ከመነሳት በፊት ክብደትን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝና በተሰጠ ቃል መጀመር ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ለፓርኪንሰን ታማሚዎች ከሚያስተምሯቸው ዘዴዎች መካከል ናቸው።

ስድስተኛው የ72 ዓመት ሰው ነበር። መንገዱ ላይ ትንሽ ጠጠር ጎልታ ብትታየው እግሩን ማንሳት ያስፈራው እንደሆነ ሲጠየቅ እጅግ እንደሚያስፈራው አረጋገጠ። ሚስቱ ጣልቃ ገብታ፣ እርሷ እንደምታምነው ክፍሉን ሲያቋርጥ መርፌ ተሻግሮ ማለፍ እንኳ ችግር ይሆንበታል አለች። ከድርሰቱ ሁሉ የእርሷን ያህል ነገሩን በአጭር የተናገረ የለም። ታማሚ አጠገብ የሚኖር ሰው የሚያየውን ሐኪም አያየውም፤ ፓርኪንሰንም ይህን ተረድቶ ቃሏን መዝግቧል።

ሁለት የተሳሳቱ ምክንያቶች

መርከበኛው ሕመሙን ያሳበበው በእስር ቤቱ እርጥብ መሬት ላይ ነው። በእነዚያ ዐሥርት ዓመታት ብሪታንያና ስፔን ከአንድ ጊዜ በላይ ተዋግተዋልና የታሰረበት ታሪክ የሚታመን ነው፤ የመደብ ቅዝቃዜ ግን ይህን በሽታ አያመጣም። እኛም አገር ወገብ ሲያዝ፣ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ «ብርድ ነው» የሚል የማይጠፋ በመሆኑ መርከበኛውን ለመውቀስ ብዙ አቅም የለንም። በዝግታ የሚመጣ በሽታ መነሻ ቀን የለውም፤ ሰው ደግሞ መነሻ ይፈልጋል፣ ከሕይወቱም ክፉውን ወቅት ይመርጣል። ከእርሱ በፊት መንገድ ላይ የታየው የ62 ዓመት ሰው ሕመሙን ያመጣብኝ መጠጥና ያልተስተካከለ ኑሮ ነው ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ ግን በቁጥብነቱ የታወቀ አትክልተኛ ነበር። ሦስቱን ሰዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የኑሮ ዘይቤያቸው አንድ እንዳልሆነ ወዲያው ያያል።

ሐኪሙም አልቀናውም። የበሽታው መቀመጫ አንገት አካባቢ ያለው የሕብለ ሰረሰር ክፍልና ከእርሱ ጋር የሚያያዘው የአንጎል ጫፍ ነው ብሎ ገመተ። አስከሬን መርምሮ እንዳላረጋገጠና በግምት እንደሚጽፍ ግን በመቅድሙ ላይ በግልጽ አስቀምጧል። ከግምቱ የወጣው ሕክምና የሚያስፈራ ነው፦ ከአንገት ላይ ደም ማፍሰስ፣ ቆዳውን በሚያቃጥል ነገር ማቁሰልና ቁስሉ መግል እያፈሰሰ እንዲቆይ ማድረግ። መርከበኛው ሆስፒታል ለመግባት እምቢ ያለበት ምክንያት አልተጻፈም፤ ከምን ዓይነት የዘመኑ ሕክምና እንዳመለጠ ስመለከት ግን ውሳኔው ጎዳው ለማለት እቸገራለሁ። በክረምት ሊያገኘው ይችል የነበረው አልጋና ምግብ ብቻ ነው የሚያስቆጨው።

ትክክለኛው ቦታ እስኪታወቅ መቶ ዓመት አለፈ። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ ፓሪስ ውስጥ የሟች ታማሚዎችን አንጎል መርምሮ በመካከለኛው አንጎል ያለው ጥቁር የነርቭ ስብስብ መጎዳቱን አሳየ። ያ ስብስብ ዶፓሚን እንደሚያመነጭ ገና አይታወቅም ነበር። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እንቅስቃሴያቸው በመድኃኒት የጠፋባቸው ጥንቸሎች ሌቮዶፓ፣ ማለትም አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ንጥረ ነገር፣ ሲሰጣቸው ተነስተው እንደሚንቀሳቀሱ አሳየ፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። በ1960 ደግሞ ቪየና ውስጥ ኤሪንገርና ሆርኒኬቪች የሟች ታማሚዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚኑ እጅግ መቀነሱን አረጋገጡ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ አሜሪካ ውስጥ በአፍ የሚወሰድ ከፍተኛ መጠን ያለው የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ታማሚዎችን ሲያንቀሳቅስ አሳየ፤ ሌቮዶፓ ዛሬም የሕክምናው ዋና መሠረት ነው።

በእርግጥ ፓርኪንሰን ነበርን?

አንድ የነርቭ ሐኪም የመርከበኛውን አንቀጽ ዛሬ ቢያነብ አንድ ነገር ያቆመዋል፤ የመናወጡ ኃይል። በዚህ በሽታ የተለመደው መንቀጥቀጥ ባረፈ እጅ ላይ የሚታይ፣ ዝግ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ወገን የሚጀምር ነው፤ አገጭና ከንፈርን ሊነካ ይችላል፣ ጭንቅላት መወዝወዝ ግን ብዙም አይታይበትም። ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ በዘር የሚመጣውና ጽዋ ሲያነሱ የሚብሰው፣ ጭንቅላትን ይነካል፤ ግን ሰውን አጉብጦ አያስሮጥም። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። የፓርኪንሰን የእጅ መንቀጥቀጥ ሰውየው ሲራመድ ብዙ ጊዜ ይጎላል፤ ለዓመታት የቆየ ኃይለኛ የእጅና የእግር መንቀጥቀጥም አካልን ሁሉ ሊያነቃንቅ ይችላል።

ሌሎች ሕመሞችም አጭር እርምጃ ያመጣሉ። በትንንሽ የአንጎል ደም ሥሮች መዘጋት የሚመጣው አረማመድ እግርን ሰፋ አድርጎ የሚጎተት ነው፤ ከወገብ በላይ ግን ሰውየው ቀና ሊል ይችላል። በአንጎል ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም እግር መሬት ላይ የተጣበቀ ይመስላል፣ ሽንት መቆጣጠርና ማስታወስ ይቸግራል። አንገታቸው ደርቆ ገና በመጀመሪያው ዓመት ወደ ኋላ መውደቅ የሚጀምሩም አሉ፤ የእነርሱ በሽታ ሌላ ነው። ዛሬ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ግን ታማሚው የሚወስደው መድኃኒት ነው፦ አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የማቅለሽለሽ መድኃኒቶች ዶፓሚንን ስለሚከለክሉ ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ፣ ሲቋረጡም ምልክቱ በአብዛኛው ይቀንሳል። መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ግን ያዘዘው ሐኪም እንጂ ቤተሰቡ አይደለም።

ዛሬ ቢመጣ

መርከበኛው ዛሬ ቢመጣ ሐኪሙ ሌቮዶፓ ሰውነት ውስጥ ያለ ጊዜው እንዳይፈርስ ከሚከላከል አጋዥ መድኃኒት ጋር ያዝዝለታል። ክንዱ ይላላል፣ አዝጋሚነቱ ይቀንሳል፣ እርምጃውም ይረዝማል። ሩጫው ግን ከሁሉም ምልክቶች እምቢተኛው ነው። በሽታው በቆየ ሰው ላይ መድኃኒቱ በደንብ እየሠራ ባለበት ሰዓት እንኳ ሊመጣ ይችላል፤ ጉብጠቱም በመድኃኒት ብቻ አይቃናም። መጠኑን እየጨመሩ መሄድ ደግሞ ያልታዘዘ የሰውነት መወራጨት ያስከትላል። ስለዚህ ከክኒኑ ጋር ሥልጠናው እኩል ያስፈልጋል።

ሥልጠናው በአመዛኙ ፍጥነትን ትቶ የእርምጃን ርዝመት ይይዛል። የሚሮጠውን አባት ልጁ ከኋላ «ቀስ በል አባባ!» እያለ ሲጮህ ምንም ለውጥ የማይመጣው ለዚህ ነው፤ አባትየው መፍጠን አልመረጠም፣ በትእዛዝም ሊዘገይ አይችልም። ይልቅ ጨርሶ እንዲቆም፣ ተረከዙን መሬት እንዲያስነካ፣ ቀና እንዲል፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዲያዛውርና በአንድ ትልቅ እርምጃ እንዲጀምር መርዳት ይሻላል። እየቆጠሩ መሄድ ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ፣ ላይ በየእርምጃው ልክ ባለ ቀለም ፕላስተር አግድም መለጠፍም እንዲሁ። እየሄደ ስልክ ማናገርና ዕቃ መሸከም መቅረት አለባቸው፤ ሐሳቡ ከእግሩ በተነሳ ቁጥር እርምጃው ያጥራልና። ሲያዞሩትም በአንድ ቦታ ከመጠምዘዝ ሰፋ ባለ ክብ ቢዞር ይመረጣል። ከፊት ሆኖ እጁን መጎተት ክብደቱን ጭራሽ ወደ ጣቶቹ ስለሚያመጣው ሩጫውን ያባብሳል።

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው የሚገዛለት መደገፊያ ነው። ዘመዶች ከውጭ አገር የሚልኩት ባለ አራት ጎማ መደገፊያ ለብዙ አረጋውያን ጥሩ ነው፤ ወደ ፊት ለሚሮጥ ሰው ግን ከእርሱ ጋር አብሮ የሚሮጥ ነገር ይሆናል። መያዣውን ይዞ ፍሬን ለመጨበጥ ፈጣን እጅ ይጠይቃል፣ የእርሱ እጅ ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ለእንደዚህ ያለ ሰው የተሠሩት መደገፊያዎች በተቃራኒው ይሠራሉ፤ መያዣው ካልተጨበጠ ጎማው አይዞርም፣ እጁን ሲለቅ ወዲያው ይቆማል። ይህ ካልተገኘ የትኛው መደገፊያ እንደሚሻለው ባለሙያ ፊት አስኪዶ መለየት ያስፈልጋል፤ ቀላል ምርኩዝ የሚበቃውም አለ። የፓርኪንሰንን መርከበኛ የሚያይ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ምርኩዙን በመንጠቅ አይደለም፤ በየስንተኛው እርምጃ እንደሚወጋ ቆጥሮ፣ ከመሮጡ በፊት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እርምጃ ላይ እንዲቆም ማለማመድ ይችላል።